ቀይ የተቀባው እሑድ

ኮምፒውተር የምትነኩ ሰዎች ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ ለማንም አትናገሩ። እኔ ይህን የሚመክረኝ ሰው አጥቼ ነው እንዲህ የሆንሁት። ብቸና ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዕለታት አንድ ቀን የጎረቤቴን ስልክ አጥፍቼ መልሼ ከፈትሁላትና ስልኩ ተሻለው። በቃ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የታመመ ቴሌቪዥን ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። አንድ ጊዜማ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሞተሩ ሲያስቸግረው «እስቲ አንተ እየው» ብሎ እጄን ይዞ ወስዶኛል። ሞተሩን አየሁት፤ ጥቂት የማስብ መስዬ ቆምሁ፤ ከዚያ ዘይት ጨምሩበት ብዬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የማውቀው ትንሽ ነገር ነው። በትርፍ ጊዜዬ ከኢንተርኔት እየተማርሁ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ይህ ደግሞ አንድ ጉዳት አድርሶብኛል፤ ቀን አጠፋብኝ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ስልኬም በፈረንጅ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ስውል ዛሬ በኛ ስንት እንደሆነ ከሰው ሳልጠይቅ አላውቅም። ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ቀን ስጽፍ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተያዩና ትክክለኛውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

ይህ ጉድለቴ የማንም ጉዳይ ባልሆነ ነበር፤ የሞጣዋን ይታይሽን ባልወድድ። ይታይሽ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ ግን ቤቱን የምትሞላ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ሞጣ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። እንግዳ ሲመጣባቸው ከደጅ ወጥተው የሚቀበሉ፣ ምንጣፉ ሳይነጠፍ ሰው ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳይነጠፍ ደረስሁባቸው።

የመጀመሪያው በሽማግሌዎቼ ጊዜ ነው። የኔታ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ይምጡ ብለው ቀን ቆረጡ። እኔም ስልኬን እያየሁ ጠበቅሁና ስልኬ አሥራ ሁለት ያለ ዕለት ሽማግሌዎቼን ነጫጭ ጋቢ አልብሼ ከብቸና ወደ ሞጣ ላክኋቸው። የፈረንጁ አሥራ ሁለት ከኛው አሥራ ሁለት ከሳምንት በላይ ቀድሞ እንደሚመጣ ያወቅሁት ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲነግሩኝ ነው። ያልረገሙኝ ስላዘኑልኝ ነው። የኔታን ያገኟቸው አውድማ ላይ፣ ጭድ በጭድ ሆነው ጤፍ ሲወቁ ነበር። እንግዳ በሥራ ልብስ ተቀበልሁ ብለው እስከ ፋሲካ ድረስ አዘኑ ይባላል።

ሁለተኛው ቀለበት ያሰርን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በስልኬ አልታመን ብዬ ቀኑን የሚቀይር ፕሮግራም ራሴ ጻፍሁ። ጳጉሜን አንዳንድ ጊዜ ስድስት መሆኗን ግን ለፕሮግራሙ አልነገርሁትም። ስለዚህ ከነጓደኞቼ፣ ከነኬኩ፣ አንድ ቀን ቀድሜ ሞጣ ገባሁ። የኔታ በር ላይ ቆመው ትኩር ብለው አዩኝ። ይታይሽ በኋላ እንደነገረችኝ ዕለቱን ለእናቷ እንዲህ አሏት፤ «ልጁ ክፉ አይደለም። ቀን ግን አያውቅም። ሠርጉን ደግሞ ካበላሸ፣ ልጄን መቁጠር ለሚችል ሰው ነው የምሰጥ።»

የኔታ የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ይህ ወግ ስለ ኮምፒውተር ይምሰላችሁ እንጂ ለእኔ የሚስት ጉዳይ ነው።

ሠርጋችን ለጥር አሥራ ስምንት ተቆረጠ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ። እኔም ስሜን ላድስ ብዬ በሽማግሌ ፊት ድንኳኑ በእኔ ነው አልሁ። የኔታ አመኑኝ ማለት አልችልም፤ አልከለከሉኝም።

ሞጣ ላይ ትልቁ ድንኳን የሐጂ ሙሐመድኑር ነው። ሐጂ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ያከራያሉ። ባለፈው ዓመት የሠርግ ሰሞን ቀኑን በቃል ሲይዙ ሁለት ባለጉዳዮች ተጋጭተውባቸው ኖሮ፣ የይታይሽ እጮኛ ኮምፒውተር ያውቃል ሲባል ሰምተው አስጠሩኝ። ፍላጎታቸው ግልጽ ነበር። ጡባዊ የሚባለው ሰፊ ስልክ ላይ ወሩ እንዲታይ፣ ድንኳኑ የተያዘበት ቀን በቀለም እንዲለይ። በምላሹ የሠርጌ ዕለት ድንኳኑ የእኔ ይሆናል። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ቀን የማያውቅ ሰው ለሞጣ ከተማ ቀን መቁጠሪያ ሊሠራ ተዋዋለ ማለት ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ወሩ በሰሌዳ መልክ ይቀርባል፤ በእያንዳንዷ ቤት አንድ ቀን አለች፤ የተያዘችዋን ቀን ቀይ ቅባ፣ ሌላውን ነጭ ተወው ብሎ በኮድ ማዘዝ ነው። ሰሌዳውን ራሱን እንኳ መሥራት አያስፈልግም፤ ተዘጋጅቶ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ጣጣው፣ የሠሩት ሰዎች ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን ሰምተው አያውቁም። ወሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ የኛን ተከልሁ። መጀመሪያ ላይ ለጳጉሜንም እንደ እኅቶቿ ሠላሳ ቀን ሰጠኋት። አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ ደመወዝ የሌላት ወር ሠላሳ ቀን ከሆነች መምህር የሚባል ሰው በአገሩ አይተርፍም አለኝ። ወዲያው አሳጠርኋት።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ጥር አሥራ አንድን ቅባልኝ አልሁት፤ የካቲት አሥራ አንድን ቀባ። ደግሜ አዘዝሁ፤ ደግሞ የካቲትን። ሁለት ቀን ሙሉ ከማሽን ጋር ከተከራከርሁ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ወር ሲቆጥር ከዜሮ እንደሚጀምር ትዝ ያለኝ። በእሱ ቤት መስከረም ዜሮኛ ወር ናት። ጥር አምስተኛ ናት ብዬ አምስት ስለው የካቲትን አነሣ። የኔታ ቀን አያውቅም ያሉት እኔን ነው፤ ይህን ቢያዩ ምን ሊሉ ነበር?

እሱን አስተካክዬ ጥር አሥራ አንድ ቀይ ሆነች። ደስ ብሎኝ ወደ የካቲት ገለጥሁ። የካቲት አሥራ አንድ ቀይ ሆና ትጠብቀኛለች። መጋቢትም ቀይ፤ ሚያዝያም ቀይ። ቀለሙ ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ወጥ አልለቅም አለ። ለካስ ሰሌዳው ለየወሩ አዲስ ቤት አይሠራም። ያችኑ ቤት ቁጥሯን እየለወጠ ያከራያታል እንጂ፤ የድሮው ተከራይ ሲወጣ ግድግዳውን የሚያጥብ የለም። እኔ የተያዘ ከሆነ ቀይ አድርግ ብዬ አዝዤዋለሁ፤ ያልተያዘ ከሆነ ወደ ነጭ መልስ ብዬ ግን አላዘዝሁትም። ኮምፒውተር ደግሞ ያልታዘዘውን አይሠራም። አንዲት መስመር ጨመርሁለት፤ ጸዳ። በዚያች መስመር ምክንያት ለጓደኞቼ ድራፍት ጋበዝሁ።

ለምን ቀይ መረጥህ ብትሉኝ፣ ቀይ መብራት ሲበራ መኪና ይቆማል፤ ማንም ያውቀዋል ብዬ ነው። ይህን ሳስብ የነበርሁት ብቸና ነው። ብቸና ላይ የትራፊክ መብራት አይቼ አላውቅም። ሞጣም ላይ አላየሁም። ይህች ሐሳብ ያን ጊዜ ብትመጣልኝ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ አይኖረኝም ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ ጡባዊውን ይዤ ሐጂ ሱቅ ደረስሁ። ሐጂ ያን ሰዓት የተያዙባቸውን ቀናት ጠሩልኝ፤ እኔም ቀባሁ። ጥር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት፤ ለጥምቀት ለእንግዶች መቀመጫ ድንኳን ይወጣል። አሥራ አራት፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ አለ። አሥራ ስምንት፤ የእኛ ሠርግ። ሃያ አንድ፤ የአስተርእዮ ማርያም ዝክር። ሐጂ ሁሉም ገባቸው። ቀኑን ነክቶ «ያዝ» የሚለውን መጫን ነው፤ ሲያዝ ደስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ደጋግመው ሰሙት። ቀይ የሆነን ቀን ደግሞ የሚነካ ሰው ቢመጣ ፕሮግራሙ ምን ይበል የሚለውን አላሰብሁም። የተያዘ ቀን ማን ይነካል?

ሐጂ በማግሥቱ ለዕቃ ግዢ ባሕር ዳር ሄዱ። ከባሕር ዳርም ዕቃው ዘገየባቸውና ሰነበቱ። ሱቁን የያዙት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሐጂ ሲወጡ ቀኑን ነክተሽ ያዝ በይው ብለዋቸው ሄዱ። ምን ማለት እንደሆነ ሳይነግሯቸው መኪናው ጡሩንባ ነፋ።

እኔ ብቸና ተመልሼ ኩራት በኩራት ሆንሁ። መምህራን ክፍል ገብቼ ሞጣ ላይ ስላለው ሥርዓት ሳወራ ሰነበትሁ። ሥርዓት የምትለዋን ቃል ያን ሰሞን ወድጃት ነበር። ገና አልፎ ጥር ከገባ በኋላ አንድ ምሽት ይታይሽ ደወለች። የጎረቤታቸው የአቶ ደሴ ልጅ ሠርግም በእኛው እሑድ መሆኑን፣ ድንኳኑም የሐጂ ትልቁ ድንኳን መሆኑን ሰምታለች። እንዳትጨነቂ አልኋት፤ ተሳስተው ይሆናል፤ የእኛ ቀን በሥርዓቱ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል።

«እነሱም ቀይ ስለሆነ ነው የያዝነው ነው የሚሉ» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ቀይ ስለሆነ የያዘ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ በጧቱ ሚኒባስ ወደ ሞጣ ጉዞ ጀመርሁ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ ልጄ ዛሬ ስንት ቀን ነው አሉኝ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ስልኬን አየሁና አሥራ ስድስት አልኋቸው። እናትየዋ ደነገጡ፤ ታዲያ ጥምቀትን ሳናከብር አለፈ ወይ ብለው ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ሚኒባሱ በሙሉ ሣቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ጥር ስምንት ነው እናቴ፣ ይህ ልጅ እያለመ ነው አላቸው። እስከ ሞጣ ድረስ ጥር ስምንት፣ ጥር ስምንት እያልሁ እየደጋገምሁ ሄድሁ።

ሱቁ ስደርስ እትዬ ዘይነባ ከወንበራቸው ተነሥተው ሳሙኝ። ጡባዊውን መቆሚያ ላይ ሰቅለው፣ ፊቱን ወደ ደንበኛ አዙረው፣ ጠርዙን በዳንቴል አስጊጠውታል። እንደዚህ ያለ በረከት አይተው አያውቁም። ሰው ሁሉ እየመጣ በደስታ ቀን እየመረጠ ይሄዳል፤ አንድም የተጨቃጨቀ የለም። ነጮቹን ቀናትስ ማን ያዘ ብዬ ጠየቅኋቸው። ነጭ የያዘ ሰው አልነበረም። እንዴት ሊሆን ይችላል ስላቸው በትዕግሥት አስረዱኝ።

«እኔ እስላም ነኝ ልጄ፤ የእናንተን በዓል ሁሉ በየት ልወቀው? አንተ በዓላቱን በቀይ ለይተህ ስታመጣልኝ፣ አላህ ይስጠው፣ አሰበልኝ አልሁ። ነጭ ቀን ልያዝ የሚል ሲመጣ፣ ኧረ ተዉ፣ ቀዩ ይሻላችኋል እላለሁ። እነሱም አይተው፣ እውነትሽን ነው ይላሉ።»

ያን ጊዜ ዓይኔ ከጡባዊው በላይ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የወረቀት ቀን መቁጠሪያ ሄደ። በየክርስቲያኑ ቤት፣ በየሱቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰቀለው ያው ነው። እሑዱ ቀይ ነው። ጥምቀቱ ቀይ ነው። ሃያ አንድ ማርያም ቀይ ናት። ተወልጄ ካደግሁበት ቤት ጀምሮ ቀይ ቀን ማለት በዓል ማለት ነው፤ ሰው ነጭ የሚለብስበት፣ ዘመድ የሚጠራበት ቀን። እኔም እያየሁት ነው ያደግሁት። ሞጣ ሙሉ የሚያውቀውን ረስቼ መኪና ስለሚያቆም መብራት ሳስብ ነበር። ከተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥሁ።

ቀይ ማለት ተይዟል ማለት መሆኑን ስነግራቸው እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማን ማን እንደያዘ ግን አንድ በአንድ ያስታውሱ ነበር። አሥራ ስምንትን ከእኛ ሌላ አቶ ደሴና አንድ የገበያ ማዶ ቤተሰብ ይዘዋታል። ለሦስት ሠርግ አንድ ትልቅ ድንኳን፤ ከእሱ ሌላ ያለው የተጣፈ አንድ አሮጌ ድንኳን ነው።

ሐጂ በዋዜማው ማታ ከባሕር ዳር ገብተው ኖሮ ከጓዳ ወጡ። ሰምተዋል። ቢቆጡኝ በወደድሁ፤ አልተቆጡም። ሌሎቹን ቀናት ለምነው እንደሚያቃኑ፣ ጊዜም እንዳለ ነገሩኝ። እሑዷን ግን አልቻሏትም። በሦስቱም ቤት ጠላው ተጠንስሷል፤ ዘመድ ተጠርቷል፤ ማን ወደ ሌላ ቀን ይሻገር? «ድንኳን ሲቀደድ ይሰፋል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እኔ ሦስት ሰው ፊት ነው ቃሌ የተቀደደ። አሁን ሂድና ለየኔታ አንተው ንገራቸው። ከሰው እንዳይሰሙ።»

ከሐጂ ሱቅ እስከ የኔታ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው። እኔ ግን ረጅሙን መረጥሁ። ገበያውን ዞርሁ፤ የማልገዛውን በርበሬ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ዘንድሮ ጤፍ አወራሁ። ይታይሽን ላጣት ነው የሚለው ነገር ግን ከኋላዬ አልቀረም። ሁለት ጊዜ ቀን ማበላሸት ይቅር ይባላል፤ ሦስተኛውን የኔታ አስቀድመው ዘግተውታል። በመጨረሻ አጥራቸው ጋ ደረስሁ።

የኔታ ግቢ ውስጥ ዶማ ይዘው መሬት ሲደለድሉ አገኘኋቸው። ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ነው። ድንጋዩን ለቅመው ከአጥሩ ሥር ከምረዋል፤ ጉብታውን ንደው ጎድጓዳውን ሞልተዋል፤ አንዲት የቆየች የጌሾ ተክል ሳይቀር ነቅለዋል። ላባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ጥር ስምንት የኔታ» አልሁ።

ፊታቸው በራ። ከተዋወቅን ጀምሮ መጀመሪያ ያወቅኋት ቀን ናት፤ ሚኒባሱ ያስጠናኝ መሆኑን የት ያውቃሉ? እጄን ይዘው ግንድ ላይ አስቀመጡኝና ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። ሐጂ ሱቅ ሄደው የሠራሁትን አይተውታል። አሥራ አንድን ቀይ፣ አሥራ ሁለትን ቃና ዘገሊላን ቀይ፣ ሃያ አንድን ቀይ አድርጌ ሲያዩ ተደንቀዋል። አሥራ ስምንትንም እሑድ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ለጊዮርጊስ ብዬ እንደቀባኋት አውቀውልኛል። አሥራ አራትን ሲያዩ ግን ቆመው አሰቡ። አቡነ አረጋዊን አስቦ ነው፤ ይህን ማን አስተማረው ብለው በልባቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። የማያውቅ መስሎኝ ነበር አሉኝ፤ ለካ እያወቀ ሲያፍር ነው።

አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሲወቀስ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ተመስግኜ ደፋሁ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው ስለማላውቅ፣ አፌን ብከፍት ይህንኑ ደስታ በእጄ መስበሬ ነው ብዬ ፈራሁ። ከሰው እንዳይሰሙ የሚለው የሐጂ ቃል ግን ነዘነዘኝ።

«የኔታ፣ ቀዩ በዓል አይደለም» አልሁ። «ቀይ የሆነው ድንኳኑ የተያዘበት ቀን ነው።»

«አሥራ አራትስ?»

«የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው።»

የኔታ ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እትዬ ዘይነባ ሰውን ወደ ቀዩ ቀን እንደመሩ፣ እሑዳችንን ሦስት ቤተሰብ እንደያዛት፣ ድንኳኑ አንድ መሆኑን። ስጨርስ አልተቆጡም። ይልቅ እንደ ተያዘ ተማሪ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ግራ ገባኝ። ይታይሽ ከሥራ ተመልሳ ከአጥሩ በር ቆማ ነበር፤ እሷም ግራ ገባት።

«አቶ ደሴን ማን መሰለህ የላከው?» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ለልጁ ቀን ቸግሮት ሲጠይቀኝ፣ ሐጂ ዘንድ ሂድ፤ አማቼ የሠራው አለ፤ ቀዩን እሑድ ያዝ፤ የጊዮርጊስ ናት አልሁት። ያንን የገበያ ማዶውን ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ በጣቴ አሳየሁት። የእኛም ቀን ናት፣ በረከት አትጠብም ብዬ። ድንኳኑ አንድ መሆኑ ትዝ አላለኝም።»

አማቼ የምትለዋን ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ፊት ለፊቴ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ለከተማው ግን ሲያወሩብኝ ሰንብተዋል። ይታይሽ ያን ሳቋን ለቀቀችው። አጥሩን ተደግፋ ሳቀች፤ የኔታ ሊቆጧት ቀና አሉና እሳቸውም አልቻሉም፤ ግንዱ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔም ከፍርሃቴ ጋር ተደባልቆ ሳቄ መጣ።

ሲበቃቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ። ሰውን ወደዚህ ቀን የመራሁ እኔ ስለሆንሁ ድንኳኑን የምለቅም እኔ ነኝ አሉ። ትልቁ ድንኳን ለገበያ ማዶው፣ ያ የተጣፈው ለአቶ ደሴ ይሁን፤ የአቶ ደሴ ግቢ ጠባብ ነው። እኛ ዳስ እንጥላለን። እሳቸውም ያገቡት በዳስ ነው፤ ድንኳን የሚባል ነገር በሞጣ ሳይታወቅ ሰው ሲጋባ ኖሯል። ይህንኑ ለሐጂ ሊነግሩ ሲወጡ አንድ እግራቸው ደጃፍ ሆኖ ወደ እኔ ዞሩ። የቀኑን ነገር ግን ለማንም እንዳትናገር፣ አሥራ አራት አቡነ አረጋዊ ይሁን አሉኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ የሰፈሩ ሰው የባሕር ዛፍ እንጨቱን ተሸክሞ መጣ። የመጀመሪያውን ቋሚ የተከሉት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሐጂ ሙሐመድኑር። ሠራተኞቻቸውን ይዘው መጥተው፣ ቃሌን በዚህ ልሰፋው ነው ብለው ወገባቸውን ታጠቁ። ዳሱን ቅጠል አለበሱት፤ የኔታ የደለደሉት መሬት ላይ ሰኔል የሚባለው ሣር ተነጠፈ። ወንበሩንና ድስቱን እትዬ ዘይነባ ለሦስቱ ቤት እያካፈሉ ላኩ፤ ሳህን ያነሰበት ቤት ከሌላው እየተዋሰ ሠርጉ ተሳለጠ። የኔታም ለሐጂ ቤተሰብ በእስላም እጅ የሚታረድ በግና ያልተነካ ድስት ለብቻ አዘጋጅተው ጠበቋቸው።

ከብቸና ልንነሣ ስንል ሚዜዎቼ አላመኑኝም። ሠርጉ ዛሬ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ ወይ እያሉ ተራ በተራ ጠየቁኝ። እርግጠኛ ነኝ ብላቸውም አንደኛው ዘወር ብሎ ለይታይሽ ደወለ፤ እሷ ኑ ስትለው ነው መኪናው የተንቀሳቀሰ። ሞጣ ስንገባ የኔታ ነጭ ለብሰው፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ከደጅ ወጥተው ቆመው ጠበቁን። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ከሽማግሌዎቼ ጊዜ ጀምሮ ለሳቸው ያበላሸሁባቸው ይህችኑ ነበር።

ሲመርቁንም ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፤ «ይህ ልጅ ቀን አያውቅም ብዬ ነበር። አሁንም አያውቅም። ልጄ ግን ታውቃለች፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ናቸውና ይበቃቸዋል።» ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ።

ጡባዊውንም አስተካከልሁት። አሁን የተያዘው ቀን ላይ ቀለም የለም፤ ትንሽ የድንኳን ሥዕል ይተከልበታል፤ ደግሞ ሊይዘው የነካ ሰው ቢመጣ እምቢ ይላል። እትዬ ዘይነባ ሥዕሏን ወደዋታል፤ ቀዩ ሲቀር ግን ገበያው ቀዘቀዘ ይላሉ።

ሠርጉ አልቆ ወደ ብቸና ልንነሣ ስንል የኔታ የመልሱን ቀን ሊነግሩኝ ጠሩኝ። መልስ ማለት ሙሽሮቹ ተመልሰው በሙሽሪት አባት ቤት የሚጋበዙበት ቀን ነው፤ ይህንም መሳት አይቻልም። እኔም በፍጥነት ስልኬን አውጥቼ ልጽፍ ስዘጋጅ የኔታ ስልኩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱና መልሰው ኮት ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

«ቀኑን ለእሷ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። «አንተ ተከትለህ ና።»

ተከትዬ ሄድሁ፤ በቀኑም ደረስን።